ሁለት መጨረሻ ያለው ደብተር

ደመላሽ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። መቀሌ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ገልባጭ ነው። ሦስት መስመር ይጽፍና ብድግ ይላል፤ እስከ መስኮቱ ደርሶ ይመለሳል፤ ደግሞ ሦስት መስመር ይጽፋል። አለቃው በመጀመሪያው ሰሞን ይቆጡት ነበር፤ ኋላ ጽሕፈቱ የሚያምር፣ ስሕተት የማይገኝበት መሆኑን ሲያዩ ተዉት። ባልደረቦቹ "ጫማው ውስጥ ጉንዳን አለበት" እያሉ ይስቁበታል። የሚያቁነጠንጠው ግን ሆዱ ውስጥ የተከማቸው ወሬ ነበር። የሚያወራለት ሰው አጥቶ ነው።

ደመላሽ የቡልጋ ሰው ነው። በጣሊያን ጊዜ ኑሮ ገፍቶት ወደ ሰሜን መጣና በአንድ የመንገድ ሥራ ሰፈር የመጋዘን ጠባቂ ሆነ። አካፋና ዶማ ሲያስረክብ፣ መልሶም ሲረከብ፣ ጣሊያንኛው ሳያስበው ጆሮው ውስጥ ገባ፤ ቀስ በቀስም ማንበብ ለመደ። ጣሊያን ተሸንፎ የወጣ ጊዜ የመንገዱ ሥራ ኃላፊ ጥሎት ከሄደው ዕቃ መካከል አንድ የእንጨት ሣጥን አገኘ። ሚስማር ያለበት መስሎት ከፈተው። አሥራ አራት መጻሕፍት ነበሩበት፤ ሁሉም ሽፋናቸው ላይ ሥዕል አላቸው። በአንዱ ላይ መርከብ ደመና መካከል ትንሳፈፋለች። በሌላው ላይ የመዳብ ቆብ የደፋ ሰው ከባሕር ሥር ቆሞ የከተማ በር ያንኳኳል። በሦስተኛው ላይ ዛፎች ሥራቸውን ነቅለው መንገድ ጀምረዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣ። አሥራ አራቱንም አንብቦ ጨረሰና እንደገና ጀመራቸው። ግን ደስ ያለውን ነገር ለማን ይንገር? መጻሕፍቱን ከሱ በቀር የሚያነብ የለም፤ ደግሞም ያን ጊዜ ጣሊያንኛ አነባለሁ ብሎ አፍን ሞልቶ መናገር የሚያስጠረጥር ነገር ነበር። ስለዚህ ከየት እንዳገኘው ሳይናገር በየደረሰበት ማውራት ጀመረ። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱን መምህር፣ አቶ አገኘሁን፣ መንገድ ላይ አቁሞ ስለሚሄዱት ዛፎች ነገራቸው።

"ይህ የሆነ ነገር ነው?" አሉት መምህሩ።

"አልሆነም።"

"ወደፊትስ ይሆናል?"

"እኔ እንጃ።"

"ታዲያ ምን ይረባል?" ብለው ባርኔጣቸውን አስተካክለው ሄዱ።

የሰማው ሸረፈዲን ብቻ ነው። ሸረፈዲን ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከገበያው በታች፣ የጨው ግመሎች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ነበረች። ደመላሽ ለምሳ ሲወጣ እዚያ ገብቶ፣ ከበሩ እስከ መቀመጫው እየተመላለሰ ያወራለታል። ሸረፈዲን እግሩን የስፌት መኪናው ላይ እንዳደረገ ፈዝዞ ያዳምጣል።

አንድ ቀን "ወላሂ ደመላሽ" አለው፤ "ትናንት አንተ ስታወራ የሰው ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ። ይህን ነገር በአማርኛ ጻፈው። እኔ ባላነብ እህቴ ታነብልኛለች።"

እህቱ ዙሀራ ናት። ከሱቁ በስተኋላ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ ትዘመዝማለች። ባሏ የሞተባት፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት። ባሏ አብዱልጀሊል ነጋዴ ነበር፤ አገር ለአገር ሲዞር የሚልክላትን ደብዳቤ ራሷ እንድታነብ ብሎ ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው።

ደመላሽ ያን ዕለት ደብተር ገዛ። ጎሕ ሲቀድ እየተነሣ፣ ቢሮ እስኪገባ ድረስ ይጽፋል። የመረጠው በራሪዋን መርከብ ነው፤ ከሁሉም እሷን ይወዳታልና። በአርባኛው ቀን የመጀመሪያውን ደብተር ለሸረፈዲን ሰጠው። ከዚያማ ጭራሽ መቆሚያ አጣ። በቀን ሦስት አራቴ በሱቁ ደጅ ያልፋል። "የት ደረሰች?" ይላል። "መርከቢቱ ከተራራው ተነሣች?"

በአራተኛው ቀን ዙሀራ ራሷ ከመጋረጃው ወጣች። ደብተሩን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላዋለች።

"ወንድም ደመላሽ፣ ደብተርዎን ይውሰዱ።"

"አልጣመዎትም?"

"መርከቢቱ ገበያው ላይ ስታንዣብብ አቆምኩ። ሕዝቡ ቀና ብሎ እያየ በደስታ ያጨበጭባል ይላል። እኛም ቀና ብለን አይተን ነበር። አብዱልጀሊል በቅሎውን እያሰረ ነበር።"

ከዓመት በፊት፣ ገበሬው በመንግሥት ላይ ባመፀበት ሰሞን፣ ገበያ በቆመበት ዕለት አውሮፕላን መጥቶ ቦምብ ጥሎ ነበር። ያን የማያውቅ መቀሌ ውስጥ የለም። ደመላሽም ያውቃል፤ ያን ቀን ግን ለሥራ ዓዲግራት ተልኮ ስለነበር በዓይኑ አላየም። የዙሀራንም ባል በበሽታ የሞተ ይመስለው ነበር እንጂ ጠይቆ አያውቅም። ደብተሩን ተቀብሎ ወጣ።

ምሳውን ሳይበላ ከከተማው ዳር እስካለው ዓዲ ሓቂ ሄዶ ተመለሰ። ዙሀራ አልተቆጣችውም፤ እሱን የጎዳው ይኸው ነበር። ስንት ሰው መንገድ ላይ አቁሞ ይህን ስማ፣ ያን አንብብ ብሏል፤ አንድም ቀን ያ ሰው ምን ተሸክሞ እንደሚሄድ ጠይቆ አያውቅም።

በማግስቱ ሱቁ ደጅ ቆሞ በመጋረጃው በኩል ተናገረ።

"ወይዘሮ ዙሀራ፣ ትናንት አጠፋሁ። ምን ዓይነት ይወዳሉ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።"

መርፌዋ ቆመ። "ወደ ላይ የማይወጣ አለ?"

"ወደ ታች የሚወርድ አለ።"

"እስከ የት?"

"እስከ ባሕር ወለል።"

"ባሕር አይቼ አላውቅም" አለች ዙሀራ። "ክፉም ሠርቶብኝ አያውቅም። እሱ ይሁን።"

ደመላሽ የመዳብ ቆብ የደፋውን ጠላቂ መተርጎም ጀመረ። አሁን እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ የጻፈውን በየሳምንቱ ይሰጣታል። እሷም ጥያቄ እየጨመረች ትመልስለታለች። ያ ሰው ቆቡን ሳያወልቅ ላቡን በምን ይጠርጋል? ከባሕር ሥር ያሉት ሰዎች እሳት ከሌላቸው እህላቸውን እንዴት ያበስላሉ? ደመላሽ እየሳቀ ይመልሳል፤ መጽሐፉ ያልመለሰውን ደግሞ አላውቅም ይላል። ዙሀራ ካነበበች በኋላ ለጎረቤቷ ለኡሙሀኒ ታነብላታለች፤ ኡሙሀኒ በበኩሏ ለሰፈሩ ሴቶች ታወራለች። አንድ ሰኞ ደመላሽ በገበያው ሲያልፍ ሁለት በርበሬ ሻጮች ስለ ባሕሩ ከተማ ሲከራከሩ ሰማ። ደስታው አላስቆም ብሎት ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞረው።

መጨረሻው ሲቃረብ ግን እጁ ከበደው። በመጽሐፉ ውስጥ የጠላቂው ሚስት የገመዱን ጫፍ ይዛ ዳር ቆማ ትጠብቃለች። ገመዱ ባዶውን ይወጣል። ጠላቂው አይመለስም። ደመላሽ ይህን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ሲመርጠው ግን ከተማውን ብቻ ነበር ያሰበው። ሦስት ቀን ጎሕ ላይ ተነሥቶ አንድ ቃል ሳይጽፍ ቢሮ ገባ። በአራተኛው ቀን ገመዱ ተሳበ፣ ጠላቂውም ወጣ፣ ቆቡንም አውልቆ ሚስቱን አየ ብሎ ጻፈና ሰጠ።

"ትናንት ቤቱ ሁሉ ደስ አለው" አለው ሸረፈዲን በማግስቱ። "ኡሙሀኒማ እልል አለች።"

ደመላሽን ግን ደስ አላለውም። ያን ሳምንት እንቅልፍም ምግብም አልተስማማውም። አለቃው ጠርተው አንድ ደብዳቤ አሳዩት፤ "ግመል" ሊል የሚገባው "ገመድ" ይላል። በስንት ዓመት የመጀመሪያ ስሕተቱ ነበር። ወዲያው ፈቃድ ጠይቆ ወደ ሱቁ ሄደ።

"ወይዘሮ ዙሀራ፣ የምነግርዎት ነገር አለ።"

"ስለ መጨረሻው ነው?"

"እንዴት አወቁ?"

"ጽሕፈትዎ ነገረኝ። ያን ሁሉ ገጽ ፊደልዎ እንደ ፈረስ ሲጋልብ ኖሮ፣ ሚስቲቱ ገመዱን ስትይዝ አንካሳ ሆነ። አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ሰርዘውታል።" መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። "አይመለስም፣ አይደል?"

"አይመለስም።"

"ታዲያ ሚስቲቱ ምን አደረገች?"

ይህን ይጠይቁኛል ብሎ አላሰበም፤ የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ አስታወሰ። "ገመዱን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደችው" አላት። "ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ ሰቅላ አኖረችው። አንድ ቀን ዓሣ አጥማጆች የጀልባ ማሰሪያ ቸግሯቸው መጡ። አውርዳ ሰጠቻቸው።"

ሸረፈዲን መኪናውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር።

"ይህን ይጻፉልኝ" አለች ዙሀራ።

ደመላሽ እዚያው ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ጻፈው። ዙሀራ ይዛው ወደ መጋረጃው ገባች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን የተረጋጋ ነበር።

"ለእኔ ይኸኛው ነው። ያኛውንም አይቅደዱት። የኡሙሀኒ ባል አሰብ ከሄደ ሰባት ወሩ ነው፤ ወሬው የለም። ለእሷ የሚመለሰው ይሁንላት።"

ሸረፈዲን ሁለቱንም መጨረሻዎች በአንድ ደብተር አድርጎ በወፍራም ክር ሰፋቸው።

ከዚያ ወዲያ ከሱቁ ደብተር ሊዋስ የሚመጣ ሰው በዛ። ደመላሽም አንብቡ ከማለቱ በፊት መጠየቅ ለመደ፤ ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደገጠመው፣ ማንን እንደሚጠብቅ። እሱ ሲቸኩል ዙሀራ ከመጋረጃው ወዲያ "ለዚህ ሰው እሱን አይስጡት" ትለዋለች። እሱም ይሰማታል።

የኡሙሀኒ ባል በሰኔ ወር ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በሕይወት ተመለሰ። ሳምንት ሳይሞላ ኡሙሀኒ ወደ ሱቁ መጣች፤ በደብተሩ ውስጥ ሌላ መጨረሻ እንዳለ ከሴቶቹ ሰምታለች። ዙሀራ እንድታነብላት ለመነቻት።

ደመላሽ ያን ጊዜ ደጁ ላይ ነበር። ዙሀራ ከመጋረጃው ወዲያ ሳትቸኩል፣ ቃል ሳታስቀር ስታነብ ሰማ። ስለ ዓሣ አጥማጆቹ ስትደርስ ኡሙሀኒ ማልቀስ ጀመረች።

"ባልሽ መጥቶልሽ ምን ያስለቅስሻል?" አለች ዙሀራ።

"ለራሴ አይደለም" አለች ኡሙሀኒ።

ደመላሽ የሚሰጠው አዲስ ደብተር በእጁ ነበር፤ አልገባም። ግመሎቹ እስኪያልፉ ቆየና መንገዱን ተሻገረ።