የዝግባው ሥር ነጭ ቦታ

ሠዓሊው ገብረሰንበት ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉት ደብሮች ያልሣለው ጻድቅ አልነበረም። ጊዮርጊስን ከነፈረሱ፣ ሚካኤልን ከነሰይፉ፣ እመቤታችንን ከነልጇ ሥሎ ሥሎ እጁ መንገዱን ራሱ የሚያውቅ ሆኖ ነበር። ከእመቤታችን እግር ሥር ደግሞ፣ እንደ ደንቡ፣ ሥዕሉን በስለት ያሠሩትን ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ሲማጸኑ ይሥላቸዋል። የቡሬ ባለጠጋ ሚስቶች ነጠላቸውን አጣፍተው የተንበረከኩበት ግድግዳ ብዙ ነው።

ቀለሙን የምትፈጭለት ሚስቱ አቻምየለሽ ነበረች። እሱ ግድግዳው ፊት ሲቆም እሷ ከግራው በኩል ድንጋዩ ላይ ታጎነብሳለች፤ ቀዩን አፈር፣ ቢጫውን፣ ከሱቅ የመጣውን ሰማያዊ አልማ ፈጭታ ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ትለውሳለች። ምላሷም ከእጇ እኩል ይሠራል። «የሰው ሚስት ሁሉ ከእግሯ ሥር ገባች፤ የእኔ ተራ መቼ ይሆን?» ትለዋለች። «ለከርሞ» ይላታል። ከርሞ ሲመጣ ሌላ ስለተኛ ይመጣል። አንድ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ፎቶ አንሺ መጥቶ የፍኖተ ሰላም ሰው በየተራው ፊቱ ሲገተር፣ አንቺም ቁሚ ቢሏት «ባሌ ሠዓሊ ሆኖ ለሣጥን ልቁም?» ብላ ስቃ አለፈች። ምነው በቆመች።

በመጨረሻው ዓመቷ ቡሬ ገበያ ቅቤ ሸጣ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ይዛለት መጣች። ውስጧ የተማሪ ቤት ልጆች የሚሥሉባቸው፣ በውሃ የሚሟሙ ቀለሞች ተደርድረዋል። «ይኸ ወፍጮ አይሻም፤ ውሃ ይበቃዋል። እኔ የደከምሁ ቀን ይሆነዎታል» አለችው። እሱ ግን የልጅ መጫወቻ ነው ብሎ ቆጥ ላይ ወረወራት። ተቀይማ እንደሆነ አላየም፤ ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዙራ ነበር።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ በሽታ ገባና አቻምየለሽን ከብዙ ሰው ጋር ወሰዳት። ከላህ ወንዝ ማዶ ባለችው በዝግባ ማርያም፣ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከከበበው ደን ውስጥ፣ ከአሮጌው ዝግባ ሥር ተቀበረች። በለቅሶው ላይ እኅቷ አልጣሽ ከደምበጫ መጥታ ደረቷን እየመታች፣ የቡሬን ሴት ሁሉ የሣለ እጅ እኅቴን ምነው ረሳ ብላ በሙሾ አወጣችው። ለቀስተኛው ዞር ዞር ብሎ አየው። እሱም መሬቱን አየ፤ እውነቷን ነው።

ሰው «የሞተ ተጎዳ» እያለ ሲያጽናናው ሰነበተ። ይህን ነገር መጀመሪያ የተናገረው ሰው ሚስቱ አልሞተችበትም። ገብረሰንበት ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ከሰል አነሣና ሊሥላት ተቀመጠ። እዚያ ላይ ጉዱ ፈላ። ፊቷ አልመጣ አለው። የቀኝ ጆሮዋን ያውቀዋል፤ የቀኝ ጉንጯን፣ በአንገቷ ዙሪያ የወረደውን ንቅሳት፣ ስትፈጭ ከሹሩባዋ የምታመልጠውን ጠጉር ያውቃል። ከፊት ለፊት ያለችው አቻምየለሽ ግን የለችም። ዕድሜያቸውን ሁሉ ጎን ለጎን ሆነው ግድግዳ ሲያዩ ኖረው፣ እሱ ያያት በጎን ብቻ ነበር።

በጎን ደግሞ አይሣልም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅና ምእመን ሁለት ዐይኑን ገልጦ ይታያል፤ በአንድ ዐይን፣ በጎን የሚሣለው ይሁዳና ሰይጣን ነው። ይህን ገና ልጅ ሳለ ነው የተማረው። አሁን ሚስቱን እንደሚያውቃት ቢሥላት ከይሁዳ ጋር ሊያቆማት ነው፤ ሁለት ዐይን ቢሰጣት ደግሞ የማያውቃት ሴት ልትሆን ነው። በዚያ ላይ ያቺው የሚያውቃት ጉንጭ እንኳ በየቀኑ እየደበዘዘችበት መጣች። የፈራው ይህን ነበር፦ እሷን አንድ ጊዜ ቀብሯል፣ መልኳን ደግሞ ሊቀብር ነው።

እሷ ሳለች የጀመረው የዝግባ ማርያም የመቅደስ ሥዕል በጅምር ቆመ። ቀለም የሚፈጭ የለም፤ ቢኖርም ከግራው በኩል የሌላ ሰው ትንፋሽ ሊሰማ አልፈለገም። በጥር አንድ ቀን የቆርቆሮዋን ሣጥን ከቆጥ አወረደ፣ ከሱቅ ወረቀት ገዛ፣ ውሃ በቅል ይዞ ከዝግባው ፊት ለፊት ተቀመጠ። ወፍጮ እንደማይሻ ነግራው የለ።

ሊሥል የመጣው እሷን ነበር። ያየው ግን ዛፍ ነው፤ ስለዚህ ዛፉን ሣለ። ከግንዱ ሥር፣ እሷ ካለችበት ላይ፣ ወረቀቱን ነጭ አድርጎ ተወው። ፊቷ ሲመጣልኝ እሞላዋለሁ አለ።

በመጋቢት የብሳናው ቅጠል ቀላ፤ አቧራው አረንጓዴውን ሁሉ ግራጫ አለበሰው፤ ሣለው። በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦት ደኑ ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ጨለመ፤ የሣጥኗ አረንጓዴ አልበቃ ብሎት ከሰማያዊ ጋር ደባልቆ ሣለው። በክረምት ደጀ ሰላሙ ሥር ተጠልሎ ጭጋጉን ሣለ። ወረቀቱ አልደርቅ ሲለው ቤት ወስዶ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል፤ ጢስ ይጠጣና ቡና ዓይነት መልክ ይዞ ይወርዳል። ጉሬዛዎቹ ለምደውት አይሸሹም። በመስከረም ዋንዛው ነጭ አበባውን መቃብሯ ላይ ሲያረግፍ ተቀምጦ አለቀሰ፤ አልቅሶም ሣለው። በሁሉም ወረቀት ላይ የዝግባው ሥር ነጭ ነው።

አገሩ ግን ዝም ብሎ አያይም። እንጨት ለቀማ የሄደች አንዲት ሴት፣ ገብረሰንበት ከዛፍ ፊት ተንበርክኮ ቀለም ሲቀባ አየሁ ብላ አወራች። ወሬው ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ቀለሙ ቅቤ ሆነ፤ ያ ሁሉ ጻድቅ የሣለ ሰው በሐዘኑ ብዛት ለአድባር ዛፍ ይቀባል ተባለ። የደብሩ አለቃ፣ ሽማግሌው ኃይለ ሚካኤል፣ መስቀላቸውን ይዘው ሊገሥጹት ወረዱ። ከግንዱ ላይ ቅቤ ፈለጉ፣ አጡ። ከጉልበቱ ላይ ወረቀት አገኙ። ቁጭ ብለው አንድ በአንድ አዩና ይህ ነጭ የተውኸው ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። እሱም የፊቷን ነገር፣ የለከርሞውን ነገር፣ የአልጣሽን ሙሾ ሳይደብቅ ነገራቸው።

አለቃ ወረቀቶቹን ሰብስበው መለሱለት። ከዚያ «ከእመቤታችን እግር ሥር የሚሣል ስለት የሰጠ ነው» አሉት። «እሷ ክንዷን ስትሰጥ አይደለም ወይ የኖረች? ለኅዳር ጽዮን አድርሳት፤ ሙት ዓመቷም ያን ሰሞን ነው። በአንድ ዐይን ግን አይሆንም፣ ልጄ። ሕዝቡ ምን ይላል?»

ገብረሰንበት ወደ መቅደሱ ተመለሰ። የአቻምየለሽን ድንጋይ አጥቦ ቀለሙን ራሱ ፈጨ። ሥዕሉ ከላይ አለቀ፤ እመቤታችን ሁለት ዐይኗን ገልጣ ወደ ታች ተመለከተች። ከእግሯ ሥር ግን ሁለት ዐይን ያላት ሴት በሣለ ቁጥር የቡሬ ባለጠጋ ሚስት ትወጣበታለች። ፍቆ ይሥላል፣ ሥሎ ይፍቃል። ጥቅምት ተጋመሰ። ይቺንም ለከርሞ ላደርጋት ነው ብሎ ራሱን ረገመና፣ የቆርቆሮ ሣጥኗን ይዞ ወደ ደኑ ሄደ።

ያን ቀን የከረመበት ቦታ ላይ ጭቃ ስለነበር ዞሮ ከዝግባው ጀርባ ተቀመጠ። ሥሎ ሲጨርስ ወረቀቱን ከበፊቶቹ ጋር አስተያየው። ዝግባው ያው ዝግባው ነው። ዛፍ ፊትና ጎን የለውም፤ በየት በኩል ቢያዩት ዛፍ ነው፣ ከየትም በኩል ክፉ አይሆንም። ዓመት ሙሉ ደን እየሣለ ይህን አላየም ነበር። የማያውቀውን ፊቷን መለመን ትቶ የሚያውቀውን አንገቷን አሰበ። ሣጥኗን ዘግቶ ተነሣ።

የኅዳር ጽዮን ዋዜማ አልጣሽ ለእኅቷ ሙት ዓመት ከደምበጫ መጣች። ቂሟን አልተወችም፤ ሰላምታዋ እንኳ አጭር ነበር። የመቅደሱን ግድግዳ እንድታይ ለመናት። በሴቶች በር ገባችና ግድግዳው ፊት ቆመች። እመቤታችን ከላይ ናት። ከእግሯ ሥር ትልቅ ዝግባ ቆሟል፤ የክረምት አረንጓዴው፣ የመጋቢት ግራጫው፣ የመስከረሙ ነጭ አበባ ሁሉ ከላዩ እስከ ሥሩ አለ። ከዝግባው ሥር አንዲት ሴት ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ እመቤታችን አቅንታ ተንበርክካለች፤ እጆቿ ከቀለም ድንጋዩ ላይ ናቸው። ከሹሩባዋ አንዲት ጠጉር አምልጣለች። በአንገቷ ዙሪያ ንቅሳት ወርዷል።

አለቃ ኃይለ ሚካኤል ዐይኗ የት አለ ብለው ጠይቀውት ነበር። ሁለቱም እመቤታችን ላይ ናቸው ቢላቸው፣ ሥዕሉን ተሳልመው ሄዱ።

አልጣሽ ንቅሳቱን አይታ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እንዲያ እንደ ያዘች «አቻም ናት» አለች። ቂሟም ያን ጊዜ ለቀቃት፤ እንባዋ ወረደ። ዐይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል «አያ ገብረሰንበት» አለችው፣ «እስቲ ወደኛ ዘወር በይ ይበሏት።»

«እኔስ እሱን አይደል ስጠብቅ የከረምሁ» አላት።