እቴ ዘውዴ ጓዳ የዋለችበት ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ከአገር በወጣ በስድስተኛው ዓመት፣ ሰኔ በገባ ሳምንት፣ አባቴ እግሮቿ የማይሄዱ እህቱን በበቅሎ አስቀምጦ ከቤታችን ወሰዳት፤ ጎንደር ከተማ ዳር ባለች አንዲት የጠበል ቤተ ክርስቲያን አድርሷትም ብቻውን ተመለሰ። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለምን እንደተወሰደች ከቤቱ ሰው ሁሉ የበለጠ የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ ለብዙ ዓመታት አምን ነበር፤ ነገሩ የጀመረው እኔ ባበላሸሁት ተረት ነውና።

ቤታችን ከጠዳ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ፣ ከአንዲት ትንሽ ወንዝ ማዶ ነበር። አክስቴ ዘውዴ ትባላለች፤ እኛ ልጆች እቴ ዘውዴ እንላታለን። በአምስት ዓመቷ ብርቱ ትኩሳት ይዟት ሲለቃት እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። ከዚያ ወዲህ በእጆቿ እየተመረኮዘች በመቀመጫዋ ነበር የምትሄደው፤ መዳፏ እንደ ገበሬ ተረከዝ ደርቆ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠበል ተወስዳለች። ሦስተኛውም ሳይሆንላት ሲቀር «እግዜር ያለው ነው» ተብሎ ነገሩ ተተወ።

ቀኑን ሙሉ ትፈትላለች፣ እህል ትለቅማለች፣ ሕፃን ትይዛለች፣ ከስጡ ዶሮ ታባርራለች። በቤታችን የሚለበሰው ጋቢና ቀሚስ ሁሉ ከእሷ እንዝርት በወጣ ክር የተሠራ ነበር። ሆኖም ጎረቤት «ዘውዴ እንዴት ናት?» ብሎ ሲጠይቅ የእናቴ መልስ ምንጊዜም አንድ ነው፤ «ምን ትሆናለች፣ ተቀምጣ ትበላለች።» ክፋት አልነበረበትም። ያኔ ሥራ የሚባለው ሰው ቆሞ የሚሠራው ብቻ ነበር። ሰርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር ቤት ጠባቂዋ እሷ ናት። ከሠፈሩ ሰው ብዙው «ሽባዋ» ብሎ ይጠራት ነበር፤ እሷም «አቤት» ትላለች።

ሲመሽ ግን ነገሩ ይለወጣል። እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድ፣ ጭሱ ከጣራው ሥር ሲንሳፈፍና ኩራዙ ምሰሶው ላይ ሲሰቀል፣ ልጆች ሁሉ የእሷን አጎዛ ከበን እንቀመጥ ነበር። አባቴ ሳይቀር የበሬ ጠፍሩን እየጠገነ፣ የማይሰማ መስሎ ይሰማል። እቴ ዘውዴ ተረቷን አንዲት ቃል ሳትለውጥ ነበር የምትናገረው፤ ከዚያ እኛን በተራ ታስደግመናለች። ስንሳሳት እንዝርቷ ይቆማል። «ተመለሽ» ትላለች። ስሕተት ሰምታ ማለፍ አይሆንላትም ነበር። አንድ ፋሲካ የንስሐ አባታችን ራት ላይ ጨዋታ ጀምረው የነገሩን መጀመሪያ ቢዘሉት «አባ፣ ይመለሱ» ብትላቸው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም ተመለሱ።

ከተረቶቿ እኔ የምወደው የአህያዋንና የሰባቱን ጅቦች ነው። አህያ ወንዝ ዳር ሣር ስትግጥ ሰባት ጅቦች ይከቧታል። እሷም፣ «እዚህ ብትበሉኝ ሌሎች ጅቦች ሰምተው ይሻሟችኋል። ማዶ ጭር ያለ ነው፤ በጀርባዬ አንድ በአንድ ላሻግራችሁ። ሰባታችሁም ሳትሻገሩ ግን አንዳችሁም ላትነኩኝ ማሉልኝ» ትላቸዋለች። «የአባታችን አጥንት ይውጋን» ብለው ይምላሉ። ስድስቱን ታሻግራለች። ለሰባተኛው ስትመለስ ግን ከወንዙ መሃል ውሃውን ይዛ ቁልቁል ትወርድና ቤቷ ትገባለች። ስድስቱ ከማዶ፣ አንዱ ከወዲህ፣ መሐላ አስሯቸው እስከ ዛሬ ይጠባበቃሉ፤ ማታ ማታ ከወንዝ ዳር የሚጮኹት እየተጠራሩ ነው።

በዚያ ዓመት ግንቦት ውስጥ፣ ከማክሰኝት ወዲያ ካለ መንደር ታላቅ እህቴን ሙሉን ለመጠየቅ ሽማግሌ እንደሚመጣ ተነገረን። የዘር ቆጠራው አልቆ፣ ዝምድና እንደሌለ ተረጋግጧል። የእኛ ሰዎች የእነሱን ቤት አይተዋል፤ የቀረው እነሱ የእኛን ማየት ነበር። በአገራችን ሽማግሌ ቤት ሲያይ የሚያየው ላሙንና ጎታውን ብቻ አልነበረም፤ በቤቱ ዕውር፣ ሽባ፣ ዲዳ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንዳለም ይመረምራል። ካለ «አጥንቱ ደዌ አለበት» ይባላል፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ተብሎም ይፈራል። ስለዚህ ሽማግሌ ሲመጣ እንዲህ ያለውን ሰው መደበቅ የታወቀ ነበር። ጎረቤትም አያጋልጥም፤ ነገ በእሱ ቤት የሚደበቅ ሊኖር ይችላላ።

እቴ ዘውዴን ማንም አላስገደዳትም። ጠዋት እናቴ ነገሩን እንዴት እንደምታነሣው ስትጨነቅ እሷ ቀደመቻት።

«ጎታው ኋላ አጎዛዬን አንጥፉልኝ።»

«ዘውዴ፣ እንዳትቀየሚኝ…»

«ለሙሉ ሲሆን ጓዳ ምን አለኝ! ጠላ ብቻ አስቀምጪልኝ፤ እናንተ ስትደሰቱ እኔ ልጠማ ነው?»

«ታዲያ እንዳታስዪ፣ አደራሽን።»

«ሳሌንም ከጥጡ ጋር እፈትለዋለሁ» ብላ ሳቀችና እየተመረኮዘች ገባች።

ሽማግሎቹ ሦስት ነበሩ። ትልቁ የሙሽራው አጎት አያ ደምሴ ሲሆኑ፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ ፊታቸው የፈካ ሰው ነበሩ። ጉዳዩ ከቀትር በኋላ በመልካም አለቀ። አባቴ በቤቱ ደዌ እንዳለ ተጠይቆ «እግዜር ይመስገን፣ የለም» አለ። መልሱን በአሥራ አምስተኛው ቀን ይዘው እንደሚመጡ ነገሩን። ሊነሡ ሲሉ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና ወንዙ ሞላ። ማደር ግድ ሆነ። ማንም ያላሰበው ነገር ይህ ነበር፤ እቴ ዘውዴ ጓዳ መዋል እንጂ ማምሸት አልታቀደላትም።

የራሰ ጋቢያቸው እሳቱ ዙሪያ ተሰጥቶ እየተነነ፣ ራት ተበልቶ ጠላው ሲዞር፣ አያ ደምሴ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«አንቺ ቀጭን፣ እህትሽን ልንወስድብሽ ነው። ተረት አታውቂም?»

«አውቃለሁ።»

«እስቲ ሸጋውን።»

ያኔ ኩራት ተሰማኝ። የአህያዋን ጀመርኩ። ግን እንግዳ ፊት ነበርና ቸኮልኩ፤ መሐላውን ዘለልኩት። ስድስተኛውን ጅብ እያሻገርኩ ሳለ አያ ደምሴ ጺማቸውን እየዳበሱ አቋረጡኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ምነው፣ የመጀመሪያው ጅብ ማዶ እንደደረሰ አልበላትም? ጾመኛ ነው?»

ሁለቱ ሽማግሎች ሳቁ። እኔ ደነገጥኩና ጅቦቹን ከመጀመሪያው ጀምሬ በጣቴ እቆጥር ጀመር። ያኔ ከጎታው ኋላ ድምፅ መጣ።

«አስምላቸው ነዋ! ተመለሽ! ሳያስምሉትማ ጅብ እንዴት ይታመናል?»

እናቴ የያዘችው ገንቦ ጠላውን አፈሰሰ። አባቴ ከፍሙ ላይ ዓይኑን አላነሣም። ሙሉ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ማናት?» አሉ አያ ደምሴ።

«ገረዳችን ናት» አለ አባቴ።

«ሸጋ ገረድ ናት። ምነው አትወጣም? ወጥታ ብትጨርስልን።»

«አሟታል፤ ተኝታለች።»

«እንዲያ ከሆነ ይማራት» አሉና ጠላቸውን አነሡ። ሌላ ነገር አልጠየቁም። ተረቱንም ማንም አልጨረሰው።

ጠዋት ወንዙ ጎደለና ሄዱ። እናቴ ጓዳ ስትገባ ተከተልኳት። እቴ ዘውዴ አፏን በመዳፏ ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ሌሊቱን አልተኛችም።

«አንዲት ቀን!» አለቻት እናቴ። «አንዲት ቀን አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት?»

«አመለጠኝ» አለች እቴ ዘውዴ። «እንደ ማስነጠስ ነው፣ አመለጠኝ።»

አሥራ አምስተኛው ቀን ደረሰ፤ ማንም አልመጣም። አሥራ ስድስተኛው፣ አሥራ ሰባተኛው አለፈ። በእነዚያ ቀናት ማታ ተረት አልነበረም። እህቴ ሙሉ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ሽማግሌ መጥቶ የተመለሰባት ልጅ ሌላ ጠያቂ እንደማታገኝ ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ የሚናገረው ከበሬዎቹ ጋር ብቻ ሆነ። በሃያ አንደኛው ቀን በቅሎ ተውሶ መጣና «ጠበል ትሞክር» አለ። ለአራተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ወደ ጠበል የሚሄድ ሰው ስንቅ ይዞ፣ አስታማሚ ይዞ ነው የሚሄደው፤ እቴ ዘውዴ የያዘችው አጎዛዋንና እንዝርቷን ነበር። አላለቀሰችም። አባቴ አንሥቶ ኮርቻው ላይ ሲያስቀምጣት «ቀስ በል፣ ወገብህን» አለችው።

እሱ ከጎንደር በተመለሰ ማግሥት ሽማግሎቹ መጡ፤ መልሳቸውም እሺታ ነበር። እናቴ እልል አለች። አባቴ «በጊዜው ነው የወሰድኳት» ሲል ሰማሁት። ቤተሰቡ የተስማማበት ነገር ይህ ሆነ፤ ነገሩ በእሷ ድምፅ ሊበላሽ ነበር፣ በመሄዷ ዳነ። ሙሉ በጥር ተዳረች። የለበሰችው ቀሚስ ፈትሉ የእቴ ዘውዴ ነበር፤ ማንም አላነሣውም።

ከሦስት ዓመት በኋላ እኔ ለትምህርት ጎንደር ከእናቴ ዘመድ ቤት ገባሁ። በአንድ የንግሥ በዓል ቀን እዚያች ቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘኋት። ከዓይነ ስውራንና ከቆማጦች ጋር ከግንቡ ሥር ተቀምጣ ትፈትል ነበር። ከአጠገቧ ያለው ዓይነ ስውር ሽማግሌ ክሯን በጣቱ እየዳሰሰ የቀጠነበትን ይነግራታል፤ ትሰድበዋለች፣ ይስቃል። እኔን ወዲያው አላወቀችኝም።

«የሙሉ እህት ነኝ» አልኳት።

«ውይ በሞትኩት! ሙሉ ወለደች?»

«ሁለት።»

«እሰይ። ሳላበላሽባት ቀረሁ» አለች። ትንሽ ቆየችና «አባትሽን እንዳትቀየሚው። ዝም በይ ተብዬ ዝም ማለት አቅቶኝ ነው» አለችኝ።

የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ልላት አስቤ ነበር። ምጽዋት የሚሰጡ ሰዎች መጡ፣ ግርግር ሆነ፣ ሳልላት ቀረሁ። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ እሄድ ነበር፤ ዳቦና ጥጥ እወስድላታለሁ። ጉዳዩን ግን አላነሣነውም። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ በክረምት ታማ ሞተች። የቀበሯት የደጁ ሰዎች ናቸው። አባቴ መርዶው የደረሰው ከተቀበረች ከሰባት ቀን በኋላ ነው፤ ሰምቶ ከቤት ወጣና እርሻው ዳር እስኪመሽ ቆመ።

ከእሷ የቀረልኝ ተረቶቹ ብቻ አይደሉም። ዜና በምጽፍበት ሥራዬ ሰው ሲያወራልኝ መሃል የተዘለለ ነገር ከሰማሁ አላልፍም፤ እንዲመለስ እጠይቃለሁ። ስለ ራሴ ቤት ግን ለሃያ ዓመት ያህል አልጠየቅሁም ነበር።

በኋላ ለሥራ ወደዚያ አገር ወርጄ፣ ከማክሰኝት ወዲያ እህቴ ሙሉ ቤት አደርኩ። አያ ደምሴ አርጅተው፣ ጥርሳቸው ረግፎ፣ እሷው ዘንድ ይጦሩ ነበር። ስለ ድሮው ሰርግ ስናወራ ድንገት ጠየቁኝ።

«ያቺ ጓዳ የነበረችው፣ የአባትሽ እህት ነበረች አይደል?»

«እንዴት አወቁ?»

«ገረድ እንግዳ ፊት እንዲያ አትቆጣም። የቤት ልጅ ናት እንዲያ የምትቆጣው።» ሳቁና ወዲያው ሳቁን ተዉት። «እኛም ቤት ነበረ። የሙሽራው ታናሽ፣ ይርጋ። ጆሮው አይሰማ፣ አፉ አይናገር። የእናንተ ሰዎች ቤት ሊያዩ በመጡ ቀን ጥጃ ቤት ነበር የዋለው። በእሱ የተነሣ ሁለት ቤት መልሶናል።»

ሙሉ ከምድጃው በኩል ራሷን ነቀነቀች። እሷ ይህን ያወቀችው ከሰርጓ በሦስተኛው ቀን ነው።

«ያቺን ሴት ሰምተን ስንመለስ» አሉ አያ ደምሴ፣ «ለወንድሜ፣ ለሙሽራው አባት፣ ነገርኩት። ‹ይህስ የኛው ቢጤ ቤት ነው፣ ልጅቱን እንውሰድ› አለ። የዚያኑ ለት ቆረጥን። በአሥራ አምስተኛው ቀን ይርጋንም ይዘነው ልንመጣ ነበር። እኛ የኛን ስናወጣ እናንተም የናንተን ታወጣላችሁ ብለን። እናቱ ‹ልጄን መሳቂያ አታድርጉት› ብላ አለቀሰች። እሷን ስንለምን ሳምንት አለፈ። መቼም እንቢ ስትል፣ እሱን ትተን መጣን። አባትሽን ‹ገረድህ እንዴት ሆነች?› ብዬ ብጠይቀው ‹ሄደች› አለኝ። እኔም የይርጋን ነገር ሳላነሣ ጠላዬን ጠጣሁ።»