የቀኝ አውራ ጣት

የጡት እናቴ ኪኒኑን ላቆም ነው ያለችኝ የሹራቧን ቁልፍ ስቆልፍላት ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አይታጠፉም። የግራ ጡቷን ያሳጣት ካንሰር እንዳይመለስ ለዓመታት የሚዋጥ ትንሽ ነጭ ኪኒን ታዞላታል። መገጣጠሚያዋን የሚያስረውም፣ ድንገት በላብ የሚያጠምቃትም እሱ ነው። ሐኪሟ ማቆሙ አደጋ እንዳለው ነግሯታል።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ግን ይህ እጅ የኔ አይመስለኝም።»

ሐኪሟ ሕመም ለማስታገስ ሰውነት ላይ ቀጫጭን መርፌ የምትተክል ባለሙያ እንድታይ መክሯት ነበር፤ ሕመሙ የቀለለላቸው ሴቶች አሉ፣ ኪኒኑን ግን አይተካም ብሎ። በእጇ ያለው ኪኒን እስኪያልቅ ልትሞክረው ተስማማን። ጣቶቿ ካልተፈቱ ታቆማለች።

አዮ ነው የምላት፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። ከኪራሙ ስንፈናቀል ቤተሰቤን አጥቼ ነቀምቴ ስገባ የተቀበለችኝ እሷ ናት። ሽማግሌዎች ባሉበት ቀኝ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ አጠባችኝ። በወጋቸው ያ ጣት ጡት ነው፣ የጠባውም ልጅ ነው። እኔ ድምፄ የጎረነነ ጎረምሳ ስለነበርኩ ጎረቤቶቿ «አደራ እንዳትነክሳት» እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ።

የባለሙያዋ ክፍል ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ነው። ስንገባ አንዲት ሴት ተኝታ ነበር። ግንባሯ ላይ የተተከሉት መርፌዎች ስትተነፍስ ይንቀጠቀጣሉ። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ወደ እኛ ግን አይዞርም።

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?» አለች አዮ።

«መድኃኒት የለውም እማማ። መርፌው ብቻ ነው» አለች ባለሙያዋ።

አዮ ወደ እኔ ዞረች። «ሊልሞ ዱዋ» አለችኝ፤ ባዶ መርፌ። «ባዶ ነገር ምን ሊያወጣ ይገባል?»

ከግራ ብብቷ ሥር ቀዶ ጥገና ስለተደረገላት በግራ እጇ መርፌ እንዳይገባ ተብላለች። ባለሙያዋ ቀኟን ይዛ አውራ ጣቷ ሥር ስትዳብስ አዮ እጇን ነጠቀቻት።

«ይህ አይሆንም። የልጄ ጡት ነው።»

«የየትኛው ልጅ?»

«ይኸው ቆሟል። እሱን ጠይቂው።»

ባለሙያዋ አየችኝ። «ይህ ፂማም?»

አዮ አልሳቀችም። የኔን ቃል እየጠበቀች ነበር። ይሁን አልኩ።

መርፌው ሲገባ ትንፋሿን ዋጠች። ከዚያ ግራ እጇን ደረቷ ላይ፣ ጠባሳው ብቻ ባለበት ቦታ አደረገች።

«ወረደ» አለች።

«ምኑ?»

«ወተቱ።»

ባለሙያዋ በረጋ ድምፅ አስረዳችን፦ የሌለ ጡት የሚሰማቸው ሴቶች አሉ፣ ነርቭ ቶሎ አይረሳም። አመንኳት። ያልነገርኳት፣ በዚያችው ቅጽበት አፌ ማር ማር ማለቱን ነው። ቁርስ እንኳ አልቀመስኩም ነበር።

ተመላለስን። ላቡ ያው ነው። ጣቶቿ ግን ቀስ በቀስ ተፈቱ። የመጨረሻውን ኪኒን የዋጠች ቀን ምን እንደምትወስን ጠበቅኩ። እርጥብ ፎጣ አንስታ እስኪንጠባጠብ ጨመቀችውና ገመዱ ላይ ዘረጋችው።

«ሂድና ሌላ ኪኒን ግዛልኝ» አለች።

ባዶውን የኪኒን ማሸጊያ አንስቼ ወደ ደጃፉ ሄድኩ።

«ግን ከእንግዲህ ስትወጋኝ አጠገቤ አትቁም።»

«ለምን አዮ?»

«ወተቱን ትስበዋለህ።»

አሁን እሷ ስትገባ እኔ ኮሪደሩ ላይ አፌን ገጥሜ እቆማለሁ። መርፌው መቼ እንደገባ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ።