ቤቲ ያስቆረጠችው ከርብ

ሲሚንቶ የሚቆርጥ መጋዝ መንገድ ዳር ሲጮህ ሰው ጆሮውን ይይዛል፤ እኔ ግን ቆም ብዬ አዳምጣለሁ። አሜሪካ፣ ክላርክስተን ባለው ቤታችን ፊት ለፊት ያን ድምፅ ለመስማት ዓመት ሊሞላን ትንሽ እስኪቀረን ጠብቀናል።

ቤቱን የገዛነው ቅጠል ሲረግፍ ነበር። ግቢው ሜዳ፣ በሩ ሰፊ፣ የጎደለው የመኪና መግቢያ ብቻ ነበር። ከርብ የሚሉት የመንገድ ዳር የሲሚንቶ ጠርዝ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። እኔ ዘልዬው አልፋለሁ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በዊልቸር ለምትሄደው ታላቅ እህቴ ለቤቲ ግን አጥር ነበር። ታክሲ ነጂው አባቴ መኪናውን መንገድ ላይ ፓርክ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ይሰጣትና አዝሏት ይገባ፣ ተመልሶም ዊልቸሩን ያመጣ ነበር። ቤቲ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የሰፈር ልጆች ሲያይዋት ፊቷን ትከሻው ላይ ትደብቅ ነበር።

በብርዱ ወራት አባቴ ከርቡን ለማስቆረጥ ከካውንቲው፣ ከአካባቢው አስተዳደር፣ ፐርሚት የሚሉትን ፈቃድ ማውጣት ሲገባው፣ «መጀመሪያ ጎረቤት ማስፈቀድ ነው» አለ። ፈረንጁ ጎረቤታችን «ውሃው ወደ እኔ ግቢ ይዞራል፣ አይሆንም» አለው። አባቴ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላከበት። ወዳጁ ጋሽ ታደሰና ሁለት ጓደኞቹ ሱፍ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ልጃችሁን ለልጃችን እንደሚሉ ሰዎች ተሰልፈው አንኳኩ። ሰውየው ሃይማኖት ሊሰብኩት የመጡ መስሎት «የራሴ ቤተ ክርስቲያን አለኝ» ብሎ በሩን ዘጋባቸው። እናቴ ሳምንት ሙሉ ሳቀች፣ ቤቲ ግን አልሳቀችም።

«ከርቡ የእሱ ነው እንዴ?» አለች።

«ጎረቤት አስቀይሞ መኖር የለም፣ ልጄ» አላት አባቴ። ልጅ ብሆንም በጣም ነው የተናደድኩት፤ ይሉኝታው ከልጁ በለጠበት።

በጸደይ፣ የጥዱ ቢጫ ብናኝ መኪናውን በሸፈነበት ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት አምጥቶን እንደ ልማዱ ጎንበስ አለላት።

«አልታዘልም» አለች።

ለመናት፣ ተቆጣት፣ እናቴም ወጥታ ለመነቻት፤ ንቅንቅ አላለችም። መክሰሷን እዚያው መኪና ውስጥ በልታ፣ የቤት ሥራዋን እዚያው ሠራች፤ እኔም አድሜ ከጎኗ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ አባቴ «እሺ፣ ነገ ካውንቲ አብረን እንሄዳለን» ሲል ነው፣ «ለዛሬ ብቻ» ብላ የታዘለችው። በማግስቱ የካውንቲዋ ሠራተኛ የጎረቤት ፈቃድ ጭራሽ እንደማያስፈልግ ስትነግረው፣ አባቴ ቤቲን አየና አንገቱን ደፋ።

በጋ ላይ ሠራተኞቹ መጥተው ከርቡን ቆረጡልን። ጎረቤታችን እጁን አጣምሮ በረንዳው ላይ ሲቆም፣ እናቴ ሆን ብላ ጮክ አድርጋ ሰላም አለችው። ሲሚንቶው በደረቀ ቀን ሁላችንም ወጣን። አባቴ መኪናውን ከፍቶ ቤቲን ዊልቸሯ ላይ አስቀመጣትና፣ ልማድ ሆኖበት፣ ዞሮ ጎንበስ አለ። ቤቲ ጎማውን በገዛ እጇ እያዞረች በአጠገቡ አልፋ ገባች፣ እሱም እንደጎነበሰ ቀረ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዛሬ ዊልቸር ላይ ያለው እሱ ነው፤ ጉልበቱ ከድቶታል። ባለፈው እሑድ ከመኪና አውርጄ ከኋላ ልገፋው ስል «ተይኝ፣ እኔው እገባለሁ» አለኝ። በተቆረጠው ከርብ ያቺን ትንሽ አቀበት ጎማውን በገዛ እጁ እያዞረ እስኪወጣ፣ እኔና ቤቲ መንገዱ ላይ ሆነን ጠበቅነው።