የግሌንቫዋ እሜቴ ማድ ቤት ገባች

የሱፍ ዋጋ በወደቀ በዓመቱ ግሌንቫ የተባለው የበግ እርሻ በዕዳ ተሸጠ። ባንኩ መሬቱንም በጎቹንም፣ ሰፊ በረንዳ ያለውን ትልቁን ቤትም ወሰደ። የቤቱ እመቤት የነበረችው የዊኒፍሬድ ካርሞዲ ባል ይህን ሳያይ ሞቷል። እሷ ዋራጊል ከተማ ወርዳ ከኮርቻ ሰፊው ሱቅ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየች። ድሮ ግቢዋ እየመጡ ቴኒስ የሚጫወቱት ወይዛዝርት የመጀመሪያ ሰሞን አበባ ይዘው ጠየቋት። እየዋለ እያደረ ግን መንገድ ላይ ሲያዩዋት ፊታቸውን ወደ ሱቅ መስኮት ማዞር ጀመሩ። አልተቀየመቻቸውም። ሰላምታ መስጠቱ ራሱ ያደክማት ነበር።

የምትችላቸው ፒያኖና ፈረስ ግልቢያ እንጀራ አልሆኑላትም። በመጨረሻ ጋርኔት የሚባል፣ ከእርሻ እርሻ የሚዞሩ የበግ ሸላቾች አለቃ ወጥ ቤቱ ሰክሮ ቢጠፋበት እሷን ቀጠራት። የመጀመሪያው ሥራ የት እንደሆነ የነገራት ጭነት መኪናው ላይ ከወጣች በኋላ ነው። ግሌንቫ ነበር።

ዕድሜዋን ስትኖርበት የሸላቾቹን ማድ ቤት ረግጣው አታውቅም። ምድጃው የእንጨት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ሁለቱም እኩል ያቃጥላሉ። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ቁርስ ታቀርባለች፤ ሳህኑ ሳይደርቅ ሻይ ይደርሳል፣ ምሳ ይከተላል። ማታ እግሯ አብጦ ከጫማው አልወጣ ይላት ነበር። ዳቦዋም ድንጋይ ሆነ።

ሸላቾች ወጥ ቤታቸውን በድምፅ ይሾማሉ፣ በድምፅ ይሽራሉ። የመሻሯ ወሬ መናፈስ ሲጀምር ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ክላሪ ዱጋን ገበታ ላይ ዳቦውን በቢላ እጀታ መታ መታ አደረገና፣

«እሜቴ፣ ለባልዎ እንዲህ ያለ ዳቦ አቅርበውላቸው ያውቃሉ?» አላት።

«ለባሌ የሚጋግር ሰው ነበረኝ።»

«እኛም ያለን መስሎን ነበር።»

ሰዎቹ ሳቁ። እሷ ምጣዱን ፈገፈገች።

እሑድ ዕለት የትልቁ ቤት አዲሷ እመቤት ማድ ቤቱ ደጃፍ መጣች። ኮርዴሊያ ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ክፋት የላትም። በገዛ ግቢዎ ሲንገላቱ ማየት ሰላም ነስቶኛል፣ ምሳ ከእኛ ጋር ይብሉ ብላ ለመነቻት። ዊኒፍሬድ እምቢ ለማለት እንኳ አቅም አነሳት። ልብስ ቀይራ ሄደች።

እንግዶቹ እሷ ስትገባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ስለ መጋረጃው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለማያስቀይም ነገር ሁሉ አወሩላት። ወንበሩ ለስላሳ ነበር። ሾርባው ተነስቶ ሥጋው ሳይመጣ ዊኒፍሬድ ሹካዋን እንደያዘች እንቅልፍ ጣላት።

ስትነቃ መሽቷል፤ ክፍሉ ባዶ ነው። ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ ጣል ተደርጎበታል። ከበረንዳው የታፈነ ወሬ ይሰማል። ፊቷ እሳት ሆነ። በጓሮ በኩል ወጣች።

ሸላቾቹ የራት ሰዓት አልፎባቸው የቆርቆሮ ሥጋ በልተዋል፤ ፊታቸው ጥቁር ብሏል። ለትልቁ ቤት ወሬ የሚያቀብል ወጥ ቤት አንፈልግም አላት ክላሪ።

«ስለ እናንተ አላወራሁም» አለች። «እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«የት?»

«ማዕዱ ላይ። እንግዶቹ ፊት።»

ማንም አልሳቀም። ክላሪ ጢሙን አሻሸና አግዳሚው ላይ ጠጋ አለላት።

«ነይ ተቀመጪ» አለ። «ሻዩ አልቀዘቀዘም።»

አንቺ ያላት ያን ጊዜ ነው። ሊጡን ማታውኑ አቡክታ በጨርቅ ሸፍና እንድታሳድረው የነገራትም እሱ ነው። በማግስቱ ድምፅ ተሰጠ፤ ለጥቂት ተረፈች። ያልመረጧት ሰዎች እንዳልመረጧት ፊት ለፊት ነገሯት። ከተማ ውስጥ እንዲህ ያናገራት ሰው አልነበረም።

ሽለታው ሲያበቃ ጓዙ ተጭኖ ወደሚቀጥለው እርሻ ተነሱ። ጋርኔት የዚያኛው ምድጃ ከዚህም የባሰ ጭሳም ነው ብሎ አስጠነቀቃት። ዊኒፍሬድ ሰማሁ አለችና ጭነት መኪናው ላይ የዱቄት ጆንያውን ደገፍ ብላ ጫማዋን ፈታች።