ጋሽ ተሰማን ያሳመምኩበት ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ስዊድን አገር፣ ሄሰልቢ ውስጥ፣ ተረት ለመስማት መጀመሪያ አረም መንቀል ነበረብኝ። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ እኔን ግን ዛሬም ያናድደኛል። እናቴ የማታ ፈረቃ ስትገባ የምትተወኝ ከእኛ በታች ካለው ፎቅ ከሚኖሩት ከጋሽ ተሰማ ጋር ነበር። ዘመዳችን አልነበሩም። በስደት መጥተው፣ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰው ነበሩ። የእኔ የሚሉት ነገር ቢኖር ቱነልባና ከሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር መጨረሻ አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ፣ ኮሎኒ የሚሉት፣ ከአንድ ማኅበር የተከራዩት ቁራሽ መሬትና በላዩ ላይ የቆመች አንዲት የእንጨት ዕቃ ቤት ብቻ ነበር።

መሬት ስላልኩ ገበሬ ነበሩ እንዳትሉኝ። ጋሽ ተሰማ አዲስ አበባ አስፋልት ዳር ያደጉ የልብስ ሰፊ ልጅ ናቸው፤ መኮትኮቻ የጨበጡት ስዊድን ከገቡ በኋላ ነው። ካሮቱን አጠጋግተው ይዘሩና ጣት የማያህል ሲወጣላቸው «የዚህ አገር ካሮት ዓይን አፋር ነው» ይላሉ። ቃሪያውን በየዓመቱ ብርድ ይፈጅባቸዋል፤ በየዓመቱም ይተክሉታል። ጎመኑ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ጎመኑ ይወጣላቸው ነበር። ከሱቅ በፕላስቲክ ታሽጎ የምንገዛው አጠገቡም አይደርስ። እዚያው በከሰል ምድጃ ላይ በነጭ ሽንኩርት ጠበስ ጠበስ አድርገው ያበስሉና በትኩሱ በዳቦ ያጎርሱኛል፤ ምላሴ እየተቃጠለ «ይድገሙኝ» እላለሁ። ትምህርት ቤት የሚሰጡንን አትክልት ሁሉ ትሪው ላይ ጥዬ የምነሣ ልጅ፣ እዚያ ስደርስ ድስት እጠርግ ነበር።

ችግሩ በዓል ነበር። ጋሽ ተሰማ በበዓል መሬት አይነኩም። ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ዛሬ ማርያም ናት፣ ዛሬ መድኃኔዓለም ነው፤ መሬቷም ትረፍ፣ ክንዴም ይረፍ። አረሙ ግን ክርስቲያን አይደል፣ በበዓሉም ያድጋል! ጎረቤቶቻችን ስዊድኖቹ መደባቸውን በገመድ ለክተው ሲያሰልፉት፣ የእኛው አረምና ሰላጣ ተቃቅፈው የሚኖሩበት ነበር። በዓል ባልሆነ ቀን ደግሞ ያ ሁሉ ሥራ በእኔ ጉልበት ላይ ይወድቃል። «ይህቺን ጥግ ጨርሺና አንድ ተረት አለሽ» ይሉኛል። ጥጓን ስጨርስ ሌላ ጥግ ይወጣል። ወይ ሰውዬ!

ጨርሼም ቢሆን ተረቱ በዋዛ አይገኝም። ተረት በቀን አይወራም ብለው ነው ያደጉት፤ የዚህ አገር ሰኔ ደግሞ፣ ታውቁታላችሁ፣ አይመሽም። ያኔ አንድ ጊዜ ራት በልተን፣ ፀሐይዋ እንዳለች ቆማ፣ «ሳይጨልም አልናገርም» ብለው ድርቅ ሲሉብኝ በንዴት መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ማልቀሴ ሆዳቸውን በላው መሰለኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘዴ ፈጠሩ። ዕቃ ቤቷ ውስጥ እንገባለን፣ መስኮቷን በድንች ጆንያ ይሸፍናሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ከሻርሆልመን የአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዙትን ፋኖስ ይለኩሳሉ፤ መሸ ማለት ነው። ውጭ ምድጃው ውስጥ በፍም የተቀበረው ድንች ጭሱ በበሩ ሥር እየገባ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል፣ የአፈሩና የሽንኩርቱ ሽታ አለ፣ የፋኖሱ ብርሃን የጋሽ ተሰማን አፍንጫ ግድግዳው ላይ ያስረዝመዋል፤ እኔም በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ሰብስቤ፣ እጠብቃለሁ።

ጅብ የጎመን ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረበትን እዚያ ነው የሰማሁት። ገበሬው ብልጥ ነኝ ብሎ፣ ጅብ ጎመን አይበላም ሲል ቀጠረው። ጅቡም የታመነ ዘበኛ ሆነ፤ አንድ ቅጠል አልጎደለም። ጎመኑ ደርሶ ገበያ የሚወስደው ቀን ሲመጣ ግን ጭነቱን የምትሸከመው አህያ የለችም። «ምነው?» ቢለው፣ «ጌታዬ፣ የቀጠሩኝ ለጎመኑ ነው» አለ። ጋሽ ተሰማ የጅቡን ድምፅ ሲያወጡ አንገታቸውን አስግገው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ እንደ ትልቅ ሹም ሆነው ነበር። ከሳቄ የተነሣ ከባልዲዬ ወድቄ አውቃለሁ። ለዚህ ነው አረሙን የምነቅለው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤ የማነበው እኔ ነኝ። ስቴድዳግ የሚሉት የጋራ ሥራ ቀን አለ፤ ሁሉም ተሰብስቦ መንገዱን ያጸዳል፣ አጥሩን ይጠግናል። ጋሽ ተሰማ ሁለት ጊዜ ቀርተዋል፤ ሁለቱም እሑድ ነበርና ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ሦስተኛውን ያለ በቂ ምክንያት ከቀሩ መሬቱ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል ይላል ደብዳቤው። ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። ቀኑን ጠየቁኝ፤ ቅዳሜ ነው አልኳቸው። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ሄደው መነጽራቸውን አደረጉና ቀኑን በጣታቸው ፈለጉት። ግንቦት ልደታ ነበር።

«ሂሩትዬ፣ ሄደሽ ንገሪያቸው» አሉኝ። «ዛሬ የእመቤታችን ልደት ነው፣ መሬት አልነካም። ሰኞ መጥቼ የሁለት ሰው ሥራ ብቻዬን እሠራለሁ በያቸው። የኔ ስዊድንኛ የልብስ ማጠቢያ ስዊድንኛ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር በተሰበረ አፍ አይነገርም።»

ልደታ ደግሞ ውጭ ነው የሚበላው። ስለዚህ ያን ቅዳሜ፣ ሃያ ሠላሳ ስዊድን አካፋና የእጅ ጋሪ ይዞ ሲራወጥ፣ ጋሽ ተሰማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መሬታቸው መሐል ድስት ጥደው፣ ስንዴና ባቄላ ንፍሮ ይቀቅሉ ነበር። ጭሱ ሁሉንም ሰው ያስላል። እኔ መልእክቴን ይዤ ወደ ሊቀመንበሯ ወደ ኬርስቲን ሄድኩ። አጠገቧ የክፍሌ ልጅ ኤማ ከአባቷ ጋር ቆማለች። ኤማ ወደ ጋሽ ተሰማ አየችና «ያ ሰውዬ ለምንድን ነው አንሶላ የለበሰው?» አለችኝ።

እመቤታችን፣ ልደት፣ ነጠላ፣ ንፍሮ፣ በስዊድንኛ ከየት ይጀመራል? ኤማ መልሴን እየጠበቀች ነው፤ ሰኞ ክፍል ውስጥ የምታወራውን ከወዲሁ ሰማሁት። «አሟቸዋል» አልኩ። ኬርስቲን ደንግጣ «ምናቸውን?» ስትለኝ «ልባቸውን» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኬርስቲን ራሴን ዳበሰችኝ። ተመልሼ ሄድኩና «እሺ ብለዋል» አልኳቸው፤ ጋሽ ተሰማም ደስ ብሏቸው አንድ እፍኝ ንፍሮ በእጄ አስያዙኝ። ሰኞ ጠዋት ማንም በሌለበት የአጥሩን አንድ ጎን ሙሉ ብቻቸውን ጠገኑት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ኬርስቲን አበባ ይዛ መጣች። ጋሽ ተሰማ ድንቹን እየኮተኮቱ ነው፣ እኔ አረም እየነቀልኩ፤ ኤማና አባቷ ከአጥሩ ወዲያ በራሳቸው መደብ ላይ አሉ። ኬርስቲን ቀስ ብላ፣ በደግነት ተናገረች። ማኅበሩ ተሰብስቦ ተነጋግሯል። ቅጣት የለም። ልቡን የሚያመው ሰው ግን ቆፍር አይባልም፣ አንድ ነገር ቢሆን ያሳዝነናል፤ መሬቱን ለአንድ ቤተሰብ እንሰጠዋለን፣ እርስዎ በፈለጉ ጊዜ በእንግድነት ይመጣሉ። እኔ መተርጎም አቃተኝ። አላስፈለገም፤ ልብ የሚለውን ቃል ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ዓመት ሲሰሙት ኖረዋል።

«ልቡን አሞታል ነው ያልሻቸው?» አሉኝ በአማርኛ። «ልደታ አላልሻቸውም?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ኬርስቲን መኮትኮቻውንና በላብ የራሰ ሸሚዛቸውን አየች። «ደህና ይመስላሉ እኮ» አለች። «ልጅቷ ያለችው ልክ ነው? ልክ ካልሆነ ይንገሩኝ፣ መሬቱ ከእርስዎ ጋር ይቀራል። ለበዓልም ለሠርግም ቀን ቀይረን እናውቃለን።» ኤማ ከአጥሩ ወዲያ ቀና ብላ እኔን ታያለች። ጋሽ ተሰማ እኔን አዩ፣ ኤማን አዩ፣ ጎመናቸውን አዩ። ከዚያ መኮትኮቻቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በዚያ በልብስ ማጠቢያ ስዊድንኛቸው፣ «ልክ ነው» አሉ። «ልጅቷ አትዋሽም።»

በቃ። ቅጠሉ ገና ያልደረሰውን ጎመን እያስለቀሰኝ በፌስታል ለቀምነው። ለእናቴ እንዳልነግራት አስማሉኝ። አልተቆጡኝም፣ አልገረፉኝም፣ አላኮረፉኝም። ክረምት ሲመጣ ቤታቸው ቁጭ ብለው በቴሌቪዥኑ ፊት ተረት ሊያወሩልኝ ሞከሩ፤ የጅቡን ድምፅ ግን አላወጡትም፣ እኔም አውጡት አላልኩ። ያኔ ቢጮሁብኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፣ እላለሁ። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃቸው ነበር እኮ! ያቺን ቃል የዋጡት ለእኔ ነው፤ ይህን ማወቄ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

አሁን ሱንድቢበሪ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ በፕላስቲክ ገንዳ ጎመን እተክላለሁ፤ ልጄ በአማርኛ «ብዪ» ስላት በስዊድንኛ «መራራ ነው» ትለኛለች። ጋሽ ተሰማ የአረጋውያን ቤት ገብተዋል። ባለፈው ነሐሴ ከበረንዳዬ የለቀምኩትን አብስዬ ወሰድኩላቸው። ዳቦ ቆርሼ አጎረስኳቸው፤ ሲያኝኩ ጠብቄ፣ በሃያ ዓመቴ፣ በሠላሳ ዓመቴ ልለው ያልቻልኩትን አልኩት። «ጋሽ ተሰማ፣ ያን ጊዜ ለኬርስቲን ስለ ዋሸሁት፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«የምን ውሸት?» አሉኝ።

«ልባቸውን አሟቸዋል ያልኩት።»

«እሱማ እውነት ነው። ያኔ እኮ አሞኝ ነበር።»

«አላመመዎትም! ሰኞ አጥር ሲጠግኑ ነበር» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ ነርሷ ብቅ አለች።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ኮስተር ብለው፣ «የኔን ልብ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ? አሞኝ ነበር አልኩሽ። አጉርሺኝ።»

አጎረስኳቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ኤማ የለች፣ ኬርስቲን የለች፣ ከአጥር ወዲያ የሚያይ ማንም የለ፤ እሳቸው ግን አሁንም ውሸታም እንዳትባል ብለው ይጠብቁኛል። ይቅር ይበሉኝ የምለው ጥፋት እንኳ አልተዉልኝም። ሳህኑን አጥቤ፣ ስሜያቸው ወጣሁ፤ ቱነልባና ውስጥ ባዶውን ሳህን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ሱንድቢበሪ ድረስ በንዴት አለቀስኩ።