ፔትሪ የጻፈው «ለውጥ የለም»

ዜልማ ናኬን ሽሪምፕ አጥማጅ ናት። በሉዊዚያና ባሕር ዳርቻ፣ በባዩ ማረ ወንዝ አፍ፣ በእናቷ ስም «ሚስ ኦራሊ» የምትባል ጀልባ አለቻት። መተዳደሪያዋ ይህቺው ጀልባ ብቻ ናት።

ሌላው አጥማጅ ከአየር ትንበያ የሚፈልገው ነፋሱ መቼ እንደሚደርስ ነው። ዜልማ ግን ትንበያ ሰጪዎቹ ከካርታው ሥር የሚጽፉትን ሐተታ እስከ ጸሐፊው ስም ድረስ ታነባለች። ባለስሞቹን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም፤ ጠባያቸውን ግን እንደ ጎረቤት ለይታለች። አንዱ ያንዛዛል፣ አንዱ ይፈራል። ፔትሪ የሚባለው ቁጥብ ነው፤ አያጋንንም፣ አያባብልም። በሐሳቧ ፂሙ የሸበተ፣ ባርኔጣውን ቤት ውስጥም የማያወልቅ ሰው አድርጋዋለች።

መንግሥት የትንበያውን በጀት በቀነሰበት ዓመት በባዩ ማረ እምብዛም የተወራ ነገር አልነበረም። ሳተላይት ቢጎድል ማን ቀና ብሎ ይቆጥራል? ዜልማ ብቻ ሐተታው ሲያጥር አስተዋለች። የለመደቻቸው ስሞችም አንድ በአንድ ጠፉ።

ነሐሴ ላይ ሮዌና የተባለች አውሎ ነፋስ ከባሕረ ሰላጤው ተነሣች። ከወንዙ ሽቅብ ያለው የጎርፍ በር በማግስቱ እኩለ ቀን እንደሚዘጋ ተነገረ። ከተዘጋ በኋላ ጀልባ አያልፍም፤ ውጭ የቀረ ከማዕበሉ ጋር ይቀራል። ጀልባዋ ላይ አብሯት የሚሠራው ሬሚ አርባ ዓመት ያለፈው የክርስትና ልጇ ነው፤ እንደ አገሩ ወግ ክርስትና እናቱን «ናናን» ይላታል።

«ናናን፣ ፔትሪሽ ምን አለ?»

«ጥንካሬዋ ለውጥ የለውም ነው የሚለው።»

«በቃ! ዛሬ መረብ ጥለን፣ ነገ ጠዋት በሩን እናልፋለን። ሽሪምፕ ማዕበል ሲሸተው እንደ ሰርገኛ ነው የሚተመው።»

እሷም ተስማማች። ሬሚ ሽሪምፑ እንዳይበላሽ የሚያቆየውን በረዶ ሲጭን ሐተታውን ደግማ አየችው። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የወጣው ሁሉ፣ ማታ የወጣውም ሌሊት የወጣውም፣ የፔትሪ ስም አለበት።

«ይሄ ሰውዬ አይተኛም እንዴ?»

«ሚስቱ አባርራው ይሆናላ!»

«አፍህን ያዝ። ሥራህን ሥራ።»

ነገሩ ግን ከነከናት። ሐተታው ግርጌ ላይ ወደተጻፈው ስልክ ደወለች።

«ትንበያ ቢሮ» አለ የሴት ድምፅ።

«ሚስተር ፔትሪን ፈልጌ ነበር።»

«ፔትሪ እኔ ነኝ። ሚስተሩን ግን አላውቀውም።»

በዜልማ ሐሳብ ውስጥ የነበሩት ፂሙም ባርኔጣውም ባንድ ጊዜ ረገፉ።

«ይቅርታ... ሁሌ አነብዎታለሁ። እንቅልፍ የለዎትም ወይ ልል ነው የደወልኩት።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «ተረኞቹ ሄደው አልተተኩም። ስልክ አንሺም የለንም፤ ይኸው እኔው አነሳሁ። ጀልባ አለዎት?»

«አለኝ። ለውጥ የለም ስላሉ መረብ ልንጥል ነው።»

ከወዲያ በኩል ሳቁ ቆመ።

«እመቤቴ፣ ለውጥ የለም ያልኩት ቁጥሩን ነው። ትናንት የጻፍኩትን ቁጥር አልቀየርኩትም ማለቴ ነው። ለመቀየር እኮ ማየት ነበረብኝ።»

«አላዩም?»

«የደመናውን አናት አይቻለሁ። ደመናውን አልፎ ውስጧን ያሳየን የነበረው ሳተላይት ከበጀቱ ወዲህ ምስል አይልክልንም። ጥንካሬዋን የሚለካው አውሮፕላን የሚገባባት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ በጨለማ ነው ያለሁት።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉትም?»

«ጽፌያለሁ። እርግጠኛነታችን ከወትሮው ያነሰ ነው ብያለሁ።»

«እሱንማ አንብቤዋለሁ» አለች ዜልማ። «ትሕትና መስሎኝ ነው።»

የፔትሪን ጠባይ አውቃለሁ ብላ፣ ያልታየውን ነገር እንዳልተለወጠ ቆጥራው ነበር።

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«ይሄን ያድርጉ ማለት አይፈቀድልኝም» አለች ፔትሪ። ግን ቀጥላ «እኔ ራሴ መኪናዬን ጠዋት ከፍ ያለ ቦታ ወስጄ አቁሜያታለሁ» አለች።

ዜልማ ስልኩን ዘግታ ገመድ መፍታት ጀመረች።

«ሬሚ፣ ወደ በሩ ነን።»

«አሁን? በረዶው ይቅለጥ?»

«ይቅለጥ። ፔትሪ አላየችም።»

«አላየችም? ማን ናት ደግሞ?»

«መንገድ ላይ እነግርሃለሁ። ሞተሩን አስነሣ!»

ሽቅብ ሲሄዱ ሬሚ ሌሎቹ ጀልባዎች ወደ ባሕር ሲወጡ እያየ አጉረመረመ። ዜልማ ያየቻቸውን ጀልባዎች ሁሉ እንዲመለሱ በሬዲዮ ጠየቀች። ሁለቱ ዞሩ። የቀሩት «ለውጥ የለም ተብሏል እኮ፣ እትዬ ዜልማ» እያሉ አልፈው ሄዱ።

በሩ ዘንድ ሲደርሱ ጠባቂው ዴልማስ እጁን እያወናጨፈ ጮኸ፦ «ቶሎ ቶሎ! ነገ መሆኑ ቀርቷል፤ ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ እዘጋለሁ። አውሮፕላኑ ገብቶባት ከተባለችው በላይ በርትታ አግኝቷታል!»

አለፉ። ሬሚ ማጉረምረሙን ትቶ ሬዲዮውን ያዘና ባሕር ላይ ያሉትን በየስማቸው ይጠራ ጀመር። አንዳንዶቹ ደረሱ፤ በሩ ሲዘጋ ግን ሁሉም አልገቡም ነበር። ሰዎቹን በኋላ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር አወጣቸው፤ ጀልባዎቻቸውን ባሕሩ አስቀረ።

ሮዌና ካለፈች በኋላ ዜልማና ሬሚ ሚስ ኦራሊን ይዘው ወደ ባዩ ማረ ወረዱ። ጀልባዋ ቀለሟ እንኳ አልተጫረም። የነበረችበት ወደብ ግን ጀልባ የሚታሰርባቸው ምሰሶዎች ተነቅለው፣ የበረዶ ማከማቻ ቤቱ ጣሪያ ወንዙ ውስጥ ተደፍቶ ነበር።

«አሁን የት ልናስራት ነው፣ ናናን?»

ዜልማ የሞተሩን ድምፅ ዝቅ አድርጋ ዳርቻውን አየች። «ዛፍ ፈልግ» አለችው።